ጥላሸቱ የእኛው ነው፦ በአዳማው የግድግዳ ሥዕል ላይ ለተጻፈው ትችት ምላሽ

ሰሞኑን ሰፈራችን ስላለው የግድግዳ ሥዕል አንድ ጽሑፍ ወጥቷል። ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከርሞ እኔም ጋ ደረሰ። ሦስቴ አነበብኩት። ጸሐፊው ብዕሩ የሰላ ነው፤ ሀገሩንም ይወዳል። በዚህ አልጠራጠርም። ሥዕሉን ግን ቆሞ አላየውም። ምናልባት ከመኪና መስኮት አይቶት ይሆናል። ለምን እንዲህ እንደምል ትንሽ ቆይቼ አሳያለሁ።

መጀመሪያ ሥዕሉን ላላያችሁት ልንገራችሁ። ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ፣ ጋሪና ባጃጅ በሚጋፉበት መንገድ ዳር፣ አንድ ረጅም የብሎኬት አጥር አለ። 40 ሜትር ገደማ ይሆናል። ከጥር ወር ጀምሮ ሃያ የሚሆኑ የሰፈራችን ልጆች በየቅዳሜው እየተሰበሰቡ ይህን አጥር ሲሥሉበት ቆይተዋል። ትንሿ 13 ዓመቷ ነው፤ ትልቁ 24። ሥዕሉ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚታየው። ቁልቋል፣ ከብትና አዋሽ ይቀድማሉ። ቀጥሎ ባቡር አለ። ከባቡሩ ቀጥሎ የጣልያን አውሮፕላንና የሚቃጠል ጎጆ። ከእሱ አጠገብ እስከ ግማሹ ውሃ የዋጠው ሌላ ጎጆ። ከዚያ ሰፊው ክፍል ይመጣል፦ የሸንኮራ እርሻ፣ ፊታቸው በጥላሸት የጠቆረ ቆራጮች። መጨረሻው መናኸሪያ ነው። ሰዎች ፍራሽ ጠቅልለው፣ ጀሪካን ይዘው ተቀምጠዋል። ከሁሉም በላይ «መሬቱ እና የተነሡት» የሚል ጽሑፍ በኦሮምኛና በአማርኛ ሰፍሯል።

ጸሐፊው የሚለው በአጭሩ ይህ ነው። ኢትዮጵያ ቅኝ አልተገዛችም፤ ስለዚህ ሥዕሉ የሌላ ሕዝብ ቁስል ተውሶ እንደራሱ ያለቅሳል። ግድቡና ስኳር ፋብሪካው ልማት ናቸው፤ ልጆቹ ግን ታሪካችንን ጥላሸት ቀቡት። መፈናቀልን አደባባይ ላይ መሣል የብሔር ቁርሾ መቀስቀስ ነው። ሃያ ሰው የነካካው ሥዕል ባለቤት የለውም፤ የሣሉትም ገና ያልበሰሉ ልጆች ናቸው። የአደባባይ ሥዕል ደግሞ ተስፋ ማሳየት አለበት፤ ስለዚህ አጥሩ ይቀባና ዓድዋ ይሣልበት።

ከመጀመሪያው ልነሣ፤ ሥዕሉን ቆሞ አላየውም ያልኩትም በዚህ ምክንያት ነው። «ቅኝ ግዛት» የሚለው ቃል ግድግዳው ላይ አንድ ቦታ ብቻ አለ። የተጻፈውም ስለ ኢትዮጵያ አይደለም። ሸንኮራው የሚጀምርበት ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ የጃቫ ደሴት ካርታ አለች። ቃሉ ያለው እሷ ላይ ነው። በጣልያኑ ክፍል የተጻፈው «ወረራ» ነው። ልጆቹ በዚህ ቃል ላይ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ተከራክረዋል። እኔም ነበርኩ። አንዱ «አምስት ዓመት ገዝተውን የለም እንዴ?» ሲል፣ አንዷ «አርበኞቹ መቼ ተገዙ?» ብላ መለሰችለት። እሷ አሸነፈች። ጸሐፊው አምስት ደቂቃ ቆሞ ቢያነብ ኖሮ በዚህ ነጥብ ከልጆቹ ጋር እንደሚስማማ ያውቅ ነበር።

ይህን ብዬ ግን ነጥቡን በቃል ምርጫ ብቻ ዘልዬው ማለፍ አልፈልግም። ጣልያን አልጸናም ማለት ያሰበውን አልጀመረም ማለት አይደለም። ሙሶሊኒ ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የጣልያን ግዛት ሆናለች ብሎ ሮም ላይ አወጀ። ቀጥሎ የመጣው መሬት ነው። ለቀድሞ ወታደሮቹ የእርሻ ሰፈራ ያዘጋጀው ሆለታና ቢሾፍቱ ላይ ነበር። ቢሾፍቱ ሩቅ ሀገር አይደለም፤ ከዚህ ተነሥተን ቁርስ ሰዓት ላይ የምንደርስበት ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ፒያሳ አካባቢ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ገበያ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ወሰደው። መሀሉ ለነጭ፣ ዳሩ ለሐበሻ እንዲሆን ነው። ዛሬ መርካቶ የምንለው ይህንኑ ቦታ ነው፤ ስሙ ራሱ ጣልያንኛ ነው። በየቀኑ መርካቶ እያልን የምንኖር ሰዎች መነሣት የሚባለውን ነገር ከሰው ተዋስነው ሊባል አይችልም።

ኢትዮጵያ ከጦርነቱ በኋላ ለሰላም ጉባኤው ያቀረበችው የጉዳት ዝርዝር አለ። 760,300 ሰው ሞተ ይላል። በዚያው ዝርዝር ውስጥ ሌላ ቁጥር አለ፦ 525,000 ቤት ወደመ። ስለ ወረራው ስናወራ ስለ ሞቱት እናነሣለን፤ ማንሣትም ይገባናል። ቤቱ የነደደበት ሰው ግን በማግስቱ ሕይወቱ ይቀጥላል። የሆነ ቦታ ሄዶ ማደር አለበት። ልጆቹ የሣሉት ይህን ሰው ነው። ከአውሮፕላኑ ሥር የሚነደው ጎጆ ዳር አንዲት ሴት ምጣድ ተሸክማ ትሄዳለች። ሌላ ምንም አልያዘችም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልምጣ። ብዙ የምለው እዚህ ላይ ነው።

ከሚነደው ጎጆ አጠገብ ውሃ የዋጠው ጎጆ ለምን ተሣለ? ጸሐፊው ይህን ክፍል ጨርሶ የተረዳው አይመስለኝም፤ «ጎርፍ» ብሎ አልፎታል። ጎርፍ አይደለም። ቆቃ ነው። በ1939 ዓ.ም. የፓሪስ የሰላም ውል ጣልያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ተወሰነባት። የቆቃ ግድብ የተሠራው በዚህ በጦር ካሣ ገንዘብ ነው። ግንባታው በ1952 ዓ.ም. ተጠናቀቀ፤ 43 ሜጋ ዋት ያመነጫል። በዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ስንት አምፖል በእሱ በርቷል። የአዋሽም ውሃ ልክ ያዘ፤ ከግድቡ በታች ያለው መስኖ ውሃው ዓመቱን ሙሉ ይደርሰው ጀመር። ይህን የሚክድ የለም። ልጆቹም አልካዱትም፤ ከግድቡ ጫፍ የሚወጡትን የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች አንድ በአንድ ሥለዋቸዋል።

ግን ውሃው ሲጠራቀም የሚተኛው ባዶ መሬት ላይ አልነበረም። ሰው ነበረበት። እርሻ ነበረበት፤ ግጦሽ ነበረበት፤ የአባቶች መቃብር ነበረበት። እስቲ አስቡት። በጠላት እሳት ለነደደ ቤት የተከፈለ ካሣ ግድብ ሠራ። ግድቡ ደግሞ ሌላ ሰው ቤት ላይ ውሃ አስተኛ። ሁለቱን ጎጆዎች ጎን ለጎን ያደረጓቸው ለዚህ ነው። አንድ የ16 ዓመት ልጅ ነው ይህን ያሰበው። እኔ ቆቃን በሕይወቴ ሙሉ ከመኪና እያየሁት አልፌያለሁ፤ አሳ ገዝቼበታለሁ። አንድም ቀን እንዲህ አላሰብኩትም።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ አሮጊት አሉ። ሁላችንም አኮ እንላቸዋለን። ከቆቃ ሥር ከተነሡት ቤተሰቦች ውስጥ ናቸው፤ ያኔ ልጅ ነበሩ። ሥዕሉን ሊያዩ በሁለት የልጅ ልጆቻቸው ተደግፈው መጡ። ጎጆው ፊት ለፊት ወንበር አስቀመጡላቸው። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ በኦሮምኛ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፦ «የቤታችን በር ወደ ፀሐይ መውጫ ነበር።» ልጆቹ በሩን ያደረጉት በሌላ በኩል ነበር። ስልሳ ምናምን ዓመት ውሃ ሥር ያለ ቤት፣ እሳቸው ግን በሩ በየት በኩል እንደነበረ አልረሱም። ይህ ልማትን መጥላት ነው? ቤታቸው የነበረበትን ቦታ ማስታወስ ነው እንጂ።

ወደ ሸንኮራው ልሂድ። «ታሪካችንን ጥላሸት ቀቡት» የተባለው በዚህ ክፍል ምክንያት ነው። ጸሐፊው የቆራጮቹን ጥቁር ፊት አይቶ፣ ልጆቹ ሠራተኛን አዋርደው የሣሉት መስሎታል።

የጥላሸቱን ታሪክ ልንገረው። መጀመሪያ ልጆቹ የሣሏቸው ቆራጮች ንጹሕ ነበሩ፤ ሸንኮራውም አረንጓዴ። አንድ ቅዳሜ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ። ወንጂ ሸንኮራ ሲቆርጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ብሩሽ የያዘችውን የ13 ዓመት ልጅ ጠሯት።

«የኔ ልጅ፣ ሸንኮራ እንዲህ ሆኖ አይቆረጥም» አሏት።

«ታዲያ እንዴት ነው አባባ?»

«መጀመሪያ ይቃጠላል። ቅጠሉ እንዲነድ፣ እባቡም እንዲሸሽ። ከዚያ ነው እኛ የምንገባው። ስንመለስ ዓይናችንና ጥርሳችን ብቻ ነው የሚታየው።»

ልጅቷ ሮጣ ቡና የምታፈላው ሴትዮ ጋ ሄደች። ከምድጃዋ የጠፋ ከሰል ለምና አመጣች። በድንጋይ ወቀጠችው፤ ከጥቁሩ ፕላስቲክ ቀለም ጋር ለወሰችው። ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን ነክረው የአንዱን ቆራጭ ግንባር ራሳቸው ቀቡ። ዛሬም የጣታቸው አሻራ እዚያ አለ። ጠጋ ብሎ ለሚያይ ሰው መስመሩ ሳይቀር ይታያል። ስለዚህ አዎ፣ ጥላሸት ተቀብቷል። የቀቡትም ጥላሸቱን በፊታቸው ተሸክመው የኖሩት ሰው ናቸው።

እኔ ራሴ የዚያ ሸንኮራ ልጅ ነኝ። አባቴ ከከምባታ መጥቶ ወንጂ ሸንኮራ ቆርጧል። እናቴ ልብስ ልታሰጣ ስትል መጀመሪያ ሰማይ ታያለች፤ እርሻው እየነደደ ከሆነ ጥቁሩ ቅጠል እየበነነ መጥቶ ነጠላው ላይ ያርፋል። ደብተሬም፣ ጫማዬም፣ እንጀራዬም ከዚያ እርሻ ነው የመጣው። ፋብሪካው እንጀራ ሰጠ የሚለውን ጸሐፊው ሊያስተምረኝ አይችልም፤ በልቼዋለሁ። ከከምባታ፣ ከሐድያ፣ ከወላይታ ስንቱ ሰው በዚያ እርሻ ልጅ አሳድጓል። ይህን የምጽፈው ምስጋናውን ሳልረሳ ነው።

ነገር ግን እርሻው ከየት መጣ? ኤች ቪ ኤ የሚባለው የደች ኩባንያ አምስተርዳም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1879 ነው የተቋቋመው። ሸንኮራን የተማረው ጃቫ ላይ ነው። ጃቫ የደች ቅኝ ግዛት ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ1830 ጀምሮ የደች መንግሥት የጃቫን ገበሬ ከመሬቱ አንድ አምስተኛውን ለውጭ ገበያ በሚሆን ሰብል፣ በሸንኮራም ጭምር፣ እንዲሸፍን ያስገድደው ነበር፤ በተግባር ከዚያም በላይ ይወሰድበት ነበር። ኩባንያው በኋላ የገባው በዚህ መሬት ላይ ነው። ኢንዶኔዥያ ነፃ ስትወጣ ሌላ ቦታ መፈለግ ነበረበት። በ1943 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋዋለ፤ 5,000 ሄክታር የወንጂ ሜዳ ተሰጠው። በ1946 ፋብሪካው ስኳር ማምረት ጀመረ። በ1967 መንግሥት እስኪወርሰው ድረስ የእሱ ነበር።

የወንጂ ሜዳ ባለቤት አልባ አልነበረም። የጅሌ ኦሮሞ ከብት ይግጥበት ነበር። በድርቅ ጊዜ ወደ አዋሽ ዳር የሚወርዱበት መሬት ነው። ሸንኮራው ሲገባ እነሱ ተነሡ። ከአዳማ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ወረድ ስንል ደግሞ መተሐራ አለ። እዚያም በ1962 ዓ.ም. ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። በ1958 የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ተቋቁሞ ነበር። በአንድ በኩል ሸንኮራ፣ በሌላ በኩል ፓርክ፤ የአካባቢው ከብት አርቢዎች ከረዩዎች ከሁለቱም መሀል ተጨመቁ። ለከብት አርቢ የአዋሽ ዳር ማለት የክፉ ቀን ጎተራ ማለት ነው። ያ ሲዘጋበት ድርቅ በመጣ ቁጥር ከብቱ ያልቃል። ይህ የተሰወረ ነገር አይደለም፤ ብዙ ተጽፎበታል፣ ሀገሬውም ያወራዋል።

ሸንኮራው ከጃቫ ካርታ የሚነሣው ለዚህ ነው። ልጆቹ «ወንጂ ቅኝ ተገዛ» አላሉም። ያሉት ጃቫ ላይ ቅኝ ግዛት ያደለበው ሀብትና ሙያ መርከብ ተሳፍሮ እኛ ጋ ደረሰ ነው። በራሳችን መንግሥት ፈቃድ፣ በውል፣ በፊርማ። ይህ ከአንድ መፈክር በጣም የሚከብድ ሐሳብ ነው፤ ምክንያቱም ፈረንጁን ብቻ ወቅሶ መገላገል አይቻልም። የፈረመው የእኛ መንግሥት ነው። የተነሣውም የእኛ ሰው ነው፤ እንጀራ ያገኘውም የእኛ ሰው ነው። አባቴ ገጀራ ያነሣበት መሬት ላይ ከእሱ በፊት የሌላ ሰው አባት ከብት ይጠብቅ ነበር። እኔ ሁለቱንም ሰዎች አንድ ግድግዳ ላይ ሳይ ነው እፎይ ያልኩት። አንደኛውን ለማክበር ሌላውን መፋቅ የለብኝም።

ስለ ጥርሱም አንድ ነገር ልበል። ጸሐፊው አንደኛው ቆራጭ ጥርሱ ቡናማ ሆኖ መሣሉ ስድብ ነው ብሏል። ስድብ አይደለም። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም አይብለጥ ይላል፤ በወንጂ ሜዳ ከዚህ ብዙ እጥፍ የተለካባቸው የጉድጓድ ውሃዎች ነበሩ። በልጅነቱ የጠጣው ሰው ጥርሱ ይበልዛል፤ ሲበዛም አጥንት ድረስ ይገባል። ቡናማ ጥርስ የዚህ ሀገር ሰው መታወቂያ ነው። የሣለው ልጅ የገዛ አያቱን ነው የሣለው።

ሦስተኛው ነጥብ ከባድ ነው፤ በጥንቃቄ ልናገር። መፈናቀልን መሣል ቁርሾ ይቀሰቅሳል ይላል። ስጋቱ ይገባኛል። በዚህ ሀገር አንድ ሥዕል፣ አንድ ቃል ሰው አስገድሎ ያውቃል። ስለዚህ ጥያቄው ትክክለኛ ነው። መልሱ ግን ግድግዳው ላይ አለ። መናኸሪያ ከተቀመጡት ሰዎች መሀል በልብሱ፣ በጌጡ፣ በፀጉር አሠራሩ የማን ወገን እንደሆነ የሚታወቅ አንድም የለም። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። በመጀመሪያው ቅዳሜ የተስማሙበት ሕግ ነው፦ ባንዲራ የለም፣ ታርጋ የለም፣ አሳዳጅ አይሣልም። ዕቃ ብቻ።

ምክንያቱም ይህን ክፍል የሣሉት ልጆች የመጡት ከአንድ አቅጣጫ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. ከሶማሌ ክልል የተፈናቀሉ ሰዎች ከመጡባቸው ከተሞች አንዷ አዳማ ናት። ከዚያም በኋላ ከሌላ ቦታ፣ በሌላ ምክንያት የመጡ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ብቻ በግጭት ምክንያት 2.9 ሚሊዮን አዲስ መፈናቀል በኢትዮጵያ ተመዝግቧል፤ በዚያ ዓመት ከዓለም አንደኛ ነበርን። እ.ኤ.አ. በ2021 ቁጥሩ 5.1 ሚሊዮን ደረሰ። ከእነዚህ ውስጥ ኦሮሞ አለ፣ አማራ አለ፣ ትግሬ አለ፣ ጌዴኦ አለ፣ ሶማሌ አለ። የማን ቁርሾ ነው የሚቀሰቀሰው? ግድግዳው ፊት የቆመ ሁሉ የገዛ ዘመዱን ነው የሚያየው።

አንድ የ17 ዓመት ልጅ አለ። ብዙ አይናገርም። መናኸሪያው ውስጥ ያለውን የተጠቀለለ ፍራሽ የሣለው እሱ ነው። ሌሎቹ ገመዱን ቢጫ አድርገውት ነበር፤ ከጀርባው ግድግዳ ጎልቶ እንዲታይ። እሱ መጥቶ በሰማያዊ ሸፈነው። «ሰማያዊ ነበር» አለ። ሌላ ነገር አላለም። ከዚያ በኋላ ያንን ገመድ ማንም አልነካውም። በዝናቡ ቀለሙ ሲደበዝዝ የሚያድሰውም እሱ ብቻ ነው። ጸሐፊው ይህ ልጅ ቁርሾ እየቀሰቀሰ ነው ካለ፣ መጥቶ እሱ ፊት ይናገረው።

በአንድ ነገር ግን ጸሐፊው ልክ ነው፤ ልመስክርለት። ሥዕሉ ውስጥ ተቀባዩ የለም። ሰው ከአውቶቡስ ወርዶ ሲቀመጥ ይታያል፤ ምግብ ይዞ የመጣው ጎረቤት ግን አይታይም። አዳማ ከባቡር ጣቢያነቷ ጀምሮ መጤ ስትቀበል የኖረች ከተማ ናት። ተፈናቃዮቹ በመጡ ሰሞን ከየቤቱ ብርድ ልብስና እንጀራ እየተሸከሙ የሄዱ እናቶችን በዓይኔ አይቻለሁ። ይህ መጉደሉ ትክክል አይደለም፤ ለልጆቹም ነግሬያቸዋለሁ።

ሃያ ሰው የሣለው ባለቤት የለውም ለሚለው ብዙ አልልም። የቤተ ክርስቲያኖቻችንን ግድግዳ ማን ሣለው? ሠዓሊው ከነደቀ መዛሙርቱ ነው። ጨርቁን በግድግዳው ላይ የለጠፈው ሌላ፣ ቀለም የበጠበጠው ሌላ፣ ፊቱን የሣለው ሌላ። አብዛኞቹ ስማቸውን አልተዉም። ባለቤት የለውም ብሎ የፋቀው ግን የለም። ደቦ የምናውቅ ሕዝብ ነን፤ በደቦ የታጨደ ማሳ ባለቤት አልባ ተብሎ አያውቅም። ስለ ችሎታው ደግሞ፣ የባቡሩ ጎማ ልክ እንዳልሆነ እኔም አያለሁ። ይስተካከላል። ቀለሙን የገዛው የሰፈር መዋጮ ነው፤ መሰላሉ የእድሩ ነው። ለገንዘቡ የሚጨነቅ ካለ ይህን ይወቅ።

ተስፋ ብቻ ይሣል የሚለውንም ሰምቻለሁ። አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል አለ። 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ ሦስት ክፍል አለው። አንደኛው ክፍል ያለፈውን የአፍሪካን መከራ ነው የሚያሳየው። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች የአንድነት ድርጅቱን ቻርተር የፈረሙት በዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው። መከራው ተስፋቸውን አልቀነሰባቸውም። ዓድዋንም እወዳለሁ፤ ዓድዋ ይሣል፣ በደስታ ብሩሽ እይዛለሁ። ግን ለምን ይህን አጥፍቶ? አዳማ ውስጥ ባዶ አጥር ሞልቷል።

ቁልቋሉ መጀመሪያ ላይ ለምን እንደመጣ ጸሐፊው ጠይቆ ነበር፤ «ከርዕሱ ጋር አይሄድም» ብሏል። የከተማዋ ስም እኮ ከእሱ ነው፤ አዳሚ በኦሮምኛ ቁልቋል ነው። ስሙ ናዝሬት ሆኖ ኖሮ በ1992 ወደ ቀድሞው ተመለሰ። የቆቃም ሐይቅ ገሊላ ተብሎ ነበር። ትልልቆቻችን ዛሬም ናዝሬት ይላሉ፤ እናቴም እንደዚያው። ማንንም ለመውቀስ አይደለም ይህን ያነሣሁት። ሰው ብቻ ሳይሆን ስምም ተነሥቶ እንደነበር ልጆቹ ስለሚያውቁ ነው ቁልቋሉን ያስቀደሙት።

ጸሐፊውን አንድ ነገር እለምነዋለሁ። የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይምጣ። ፀሐዩ ሳይበረታ ነው የሚጀምሩት። አኮ ይመጣሉ። ወንበራቸውን ከውሃው ፊት ለፊት እናደርግላቸዋለን። ልጆቹ አሮጌውን በር ነጭ ቀብተው ሸፍነውታል፤ አዲሱ ገና በእርሳስ ነው። እሳቸው በጣታቸው እስኪያሳዩ እየጠበቁ ነው።